ጦሙን ያደረ ጓሮ፦ ከበጋው መጨረሻ ሙቀት በፊት የሚሠራ ሥራ

(ደብረ ማርቆስ ከተማ ላይ፣ በጥር ወር ሦስተኛ ሳምንት፣ ለጓሮ ባለቤቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ።)

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የማለዳው ብርድ ይለዝባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ረባዳ ቦታ ላይ ባሉ ጓሮዎች የጎመኑን ቅጠል አልፎ አልፎ የሚያነጣው ውርጭ ይለቃል፣ ቀኑ ጥቂት በጥቂት ይረዝማል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ማንሣት ይጀምራል። ከአሁን አንሥቶ ዋናው ክረምት እስኪገባ፣ ማለትም እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ፣ ከአራት ወር በላይ የሚቆይ ሙቀት ከፊታችን አለ፤ ከእነዚህም ውስጥ መጋቢትና ሚያዝያ ይብሳሉ። ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ለዓመታት ሰው ያልነካውን፣ የእኛ ሰው «ጦሙን አደረ» የሚለውን ጓሮ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ዘር እንዲቀበል እንዴት ማሰናዳት እንደሚቻል ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። የእናቴ ቤት እርሷ ካረፈች በኋላ አራት ዓመት ሰው ሳይኖርበት ቆየ። ጡረታ ወጥቼ ወደዚያ ቤት የገባሁት ልክ እንደ አሁኑ በጥር ወር ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና በሶብላ ጠፍቶበት የማያውቀው ጓሮ ተለውጦ ጠበቀኝ፤ ዘሩን አርግፎ የደረቀ ሙጃ እስከ ወገቤ ቆሟል፣ ሰርዶው ከበሩ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደውን መንገድ ለብሶታል፣ በአጥሩ ሥር ሳማ፣ እናቴ አመድና ጥራጊ ትደፋበት በነበረው ጥግ ደግሞ አስተናግር በቅሏል። ጓሮው አላፊ አግዳሚው የሚያየው ነውና አፈርሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከማልማቱ ይልቅ ማጽዳቱ ነበር ያስቸኮለኝ። አራት የቀን ሠራተኞች ቀጥሬ 200 ካሬ ሜትር የሚሆነውን መሬት በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አስቆፈርሁት፤ የወጣውንም አረም መሐል ላይ ከምሬ አቃጠልሁት። ሲያልቅ ቀይ፣ ንጹሕ፣ እንደ ተበጠረ ጠጉር የለሰለሰ መሬት ሆነ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ከአጥሩ ማዶ ቆመው አዩና «ልጄ፣ ልብሱን ገፈህ ፀሐይ ላይ አሰጣኸው እኮ» አሉኝ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መጋቢት ሲገባ ነገሩ ገባኝ። የዘራሁት ካሮት ገና ሳይበቅል አፈሩ ላይ እንደ ሸክላ ጠንካራ ቅርፊት ተጋገረበት፤ ያዛወርሁት የጎመን ችግኝ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ውኃ ሲያገኝ ቀና ይላል፣ በማግስቱም እንደገና ይተኛል። የጉድጓዴ ውኃ ወረደ፤ የቧንቧው ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣ ጀመር። ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ነፋስ እናቴ በስንት ዓመት ፍግ ያዳበረችው የላይኛው አፈር አቧራ ሆኖ ወደ ጎረቤት ግቢ ሲሻገር በዓይኔ አየሁ። በዚያ ዓመት ከ200 ካሬ ሜትር ውስጥ ለፍሬ የበቃው ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ያለው ሃያ ካሬ ሜትር የማይሞላ ቦታ ብቻ ነበር። የቀረውን ለምን እንዳስቆፈርሁት ሲጠይቁኝ የምመልሰው መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚያ ዓመት የወጣ ነው፤ ፍሬ ነገሩም አንድ ነው። በዚህ ወቅት የጓሮ መጠን የሚለካው በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በውኃው ልክ ነው፤ ስለዚህ ውኃችን የሚደርስበትን ያህል ብቻ እንክፈት፣ የቀረውን ለብሶ እንዲከርም እንተወው።

ይህን በሒሳብ ላሳያችሁ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲፈስ ልክ አንድ ሊትር ይሆናል። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይና ነፋስ ተባብረው ከአፈሩና ከቅጠሉ በየቀኑ ወደ አምስት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውኃ ይወስዳሉ። ይህም ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን አምስት ሊትር ማለት ነው። ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አሥር ሜትር የሆነ መደብ በቀን 50 ሊትር ይጠጣል፤ ይኸውም ሁለት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። እኔ ያስቆፈርሁት 200 ካሬ ሜትር በቀን 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ጀሪካን ይፈልግ ነበር። ሃምሳ ጀሪካን በየቀኑ የሚቀዳ ሰው ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል ብዬ አላስብም። ስለዚህ ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ውኃችሁን ቁጠሩ። ከጉድጓዱ ስንት ጀሪካን ማውጣት ይቻላል? ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ማጠራቀሚያውስ ስንት ይይዛል? የጎመን፣ የድንችና የእህል እጣቢ ስንት ይሆናል? የእህል እጣቢ በተለይ አይናቅ፤ አምስት ሰው በሚበላበት ቤት በየቀኑ አይጠፋም። የሳሙና እጣቢ ግን ለጌሾውና ለሎሚው ሥር ይሁን እንጂ ጥሬ በሚበላ ሰላጣ ላይ አይፍሰስ። የሳምንቱን የጀሪካን ድምር ለሰባት፣ የወጣውንም ለሁለት ተኩል አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር በዚህ ዓመት የምትከፍቱት ባለ አሥር ሜትር መደብ ቁጥር ነው። አንድ ከሆነ አንድ ነው፤ ማፈር የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው የትኛውን ቦታ እንክፈት የሚለው ጥያቄ ነው፤ ለዚህ አረሙ ራሱ ይመሰክራል። ሳማና አስተናግር ጥቅጥቅ ብለው የበቀሉበት ጥግ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ፍግ መጣያ፣ የከብት ማደሪያ ወይም የጥራጊ ጉድጓድ የነበረ ቦታ ነው፤ እነዚህ ዕፅዋት ፍግ የጠገበ አፈር ይወዳሉ። ከጓሮው ሁሉ አስቀድሞ መከፈት የሚገባው ይህ ጥግ ነው፤ እኔ ግን ያንጊዜ አስቀያሚ ስለ ሆነ ብቻ ቆሻሻ ብዬ መጨረሻ ላይ ተውሁት። አስተናግሩ ሲነቀል ጓንት ይደረግ፤ ፍሬው መርዝ ስለ ሆነ ልጆችና ዶሮዎች በማይደርሱበት ቦታ ይቀበር። እንግጫ የሚበዛበት ቦታ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ነው፤ አሁን በበጋ ግን ከሌላው ይልቅ እርጥበት ይዞ ይቆያልና ለቆስጣ ይስማማል። ቱልት የበቀለበት አፈር ብዙ ጊዜ የተረገጠና የጠበቀ ነው፤ ድካሙ ከትርፉ ስለሚበልጥ ለሚቀጥለው ዓመት ቢቆይ ይሻላል።

ስለ ሰርዶ ግን ዘርዘር አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ጦሙን ያደረ ጓሮ ሁሉ ዋና ባላጋራው ሰርዶ ነውና። አንድ የሰርዶ ሐረግ አውጥታችሁ በመዳፋችሁ ላይ አጋድማችሁ ተመልከቱ። በየሁለት ሦስት ጣት ርቀት አንጓ አለው፤ በየአንጓው ላይ ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ነጭ ቡቃያ ተኝታለች። ከዚያች ነጥብ ወደ ታች ሥር፣ ወደ ላይ ቅጠል ይወጣል። ስለዚህ በዶማ አምስት ቦታ የቆረጣችሁት ሰርዶ ስድስት ሰርዶ ሆኗል ማለት ነው። በክረምት ሰርዶን የሚቆፍር ሰው የሚያባዛው ለዚህ ነው። በጋው ግን ለእኛ ያደላል። መደቡን ውኃ ሳታጠጡ፣ አፈሩን በዶማ ጫፍ ከሥር እያነሣችሁ፣ ሐረጉን ሳይበጠስ በእጅ እየተከተላችሁ ሳቡት፤ አፈሩን አራግፉና በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ላይ ለአሥር ቀን አስጡት። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ሞቷል፤ እንደ ገመድ የሚጠመዘዝ ከሆነ ገና ነፍስ አለው። እኔ አሁንም የማደርገው ይህንኑ ነው፤ አሥር ካሬ ሜትር ለማጽዳት ሁለት ሙሉ ቀን ይፈጅብኛል፤ ከዚህ የሚያፈጥን ዘዴ አውቃለሁ የሚለኝን ሰው በጥርጣሬ ነው የማየው።

የደረቀው ሙጃ ይታጨድ እንጂ አይቃጠል። ሲቃጠል አመዱ ይቀራል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰውና እርጥበት የሚይዘው አካሉ ግን በጭስ ይሄዳል። ዘሩ በአገዳው ላይ የቀረ ስለሚሆን መደቡ ላይ አይነጠፍ፤ በመደቦቹ መካከል በሚቀረው መንገድ ላይ ይጣል፣ እግራችን እየረገጠው ይደቅቃል። ቀድሞ የረገፈው ዘር ደግሞ በመደቡ አፈር ውስጥ ተኝቶ ውኃ ይጠብቃል። ይህን ማታለል ይቻላል፦ መደቡን አዘጋጅታችሁ ምንም ሳትዘሩበት ሁለት ሦስት ጊዜ አጠጡት፤ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ አረሙ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ብቅ ይላል፤ ያንጊዜ አፈሩን ሳትገለብጡ ከላይ ከላዩ በመኮትኮቻ ፋቁት። ለባዶ መሬት ውኃ ማፍሰስ ብክነት እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ነገር ግን በኋላ ከካሮቱ መሐል በጥፍር አረም ከመልቀም ያድናል።

አፈሩን በተመለከተ በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ምክር አይሠራም። ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በኩልና ከዚያም አልፎ እስከ አዊ ድረስ የሚበዛው ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ ለዘመናት ስላጠበው ኮምጣጣ ሆኗል፣ ገበሬው ኖራ የሚጨምርበትም ለዚህ ነው። ወደ ሉማሜ፣ ወደ ደጀንና ወደ ቢቸና ስንሄድ ደግሞ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ጥቁሩ ዋልካ ይገጥመናል። ለቀይ አፈር የምድጃ አመድ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ ይበቃል። የእንጨትና የኩበት አመድ ማለቴ ነው፤ ፌስታልና ላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ጓሮ ውስጥ አይግባ። አመድና እርጥብ ፍግ በአንድ ቀን አይቀላቀሉ፤ የፍጉ ኃይል በጠረን መልክ ተንኖ ይጠፋል። ድንች የሚተከልበት መደብም አመድ አይብዛበት፤ የድንቹን ቆዳ የሚያሻክረው በሽታ ይበረታል። ዋልካው አመድ አይፈልግም፤ እርሱ የሚፈልገው የበሰበሰ ፍግና ጭድ ነው። ስንጥቁ ሳይደፈን ውኃ ቢፈስበት ውኃው በቀጥታ ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ፣ አስቀድሞ ላዩን ኮትኩቶ ስንጥቁን በልል አፈር መሙላት ያሻል።

አሁን ወደምከራከርበት ነገር ልምጣ። በሥልጠናም ሆነ በቴሌቪዥን የምናየው የጓሮ መደብ ሁሉ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ለክረምቱ ትክክል ነው፤ ውኃ እንዳይተኛበት ይረዳል። ለመጋቢት ግን ከፍ ያለ መደብ ማለት በአራት ጎኑ ለነፋስ የተሰጠ መደብ ነው፤ ያፈሰሳችሁበት ውኃ በጎኑ ይወርዳል፣ የቀረውን ነፋሱ ይወስደዋል። ለዚህ ወቅት መደባችሁን ጎድጎድ አድርጉት። ወርዱ ከሁለቱም ጎን እጅ ተዘርግቶ መሐሉ እንዲደረስበት ከአንድ ሜትር ከስንዝር አይብለጥ። ከመቆፈራችሁ አንድ ቀን በፊት ሁለት ጀሪካን ውኃ አርከፍክፉበት፤ ደረቁ ቀይ አፈር ያለዚያ ዶማ ይመልሳል። በማግስቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቆፍሩና ከላዩ አራት ጣት የሚሆን አፈር አውጥታችሁ ዙሪያውን እንደ ትንሽ ግንብ ክመሩት። የበሰበሰውን ፍግ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ቅርጫት ያህል፣ ውስጡ በትናችሁ አደባልቁ። ከዚያ በኋላ እግር አይግባበት። አፈሩ መድረሱን ለማወቅ እፍኝ ሙሉ ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ እንደ ጭብጦ ከያዘና በጣት ሲነካ ከፈረሰ ልክ ነው፤ ከጨቀየ ገና ነው፣ ጭራሽ ካልያዘም ደርቋል።

ስለ ፍግ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ትኩስ ፍግ፣ በተለይም የዶሮ ኩስ፣ ችግኝ ያቃጥላል፤ ቢያንስ ሦስት ወር የተኛ መሆን አለበት። ዛሬ የሚጀመር ብስባሽ ለግንቦት ይደርሳልና ይጀመር፤ በበጋ ግን እንዳይደርቅ ጉድጓድ ውስጥ ይሁን። ደረቅ ቅጠል፣ እርጥብ ቅጠል፣ ፍግና ጥቂት አፈር እየተደራረበ፣ እርጥበቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆኖ ይጠበቅ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባበት፤ የሌላውን ተክል ዕድገት የሚያቀጭጭ ነገር አለው። በግቢያችሁ የአስተናግሩ ጥግ ካለ ግን ብስባሹን መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ያ ጥግ ራሱ ብስባሽ ነው።

ስለ ጥላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ስለዚህ ከቤታችሁ በስተሰሜን ያለው ቦታ ቀኑን ሙሉ ጥላ ያገኛል፣ ሰውም ያንን አይቶ «እዚህ ይቀዘቅዛል» ብሎ ሰላጣውን ይተክላል። ነገር ግን ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ትመለሳለች፤ ሚያዝያ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ በደብረ ማርቆስ ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት ቀትር ላይ ግድግዳ ጥላ የለውም፤ የራሳችንም ጥላ ከእግራችን ሥር ይገባል። ስለዚህ ለችግኝ የሚሆን ጥላ ከጎን ሳይሆን ከላይ መምጣት አለበት፤ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ቋሚ ላይ፣ ከክንድ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሣር ወይም የሰንሰል ቅርንጫፍ ሳሳ ተደርጎ ይዘርጋ። ብርሃን በመሐሉ እየተንጠባጠበ መግባት አለበት። ድፍን ጥላ ችግኙን ቀጭንና ነጭ ያደርገዋል። አየሩ ሲዳምን ይነሣ፤ ከመዛወሩ አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ ጭራሽ ይገፈፍ።

ምን እንትከል ለሚለው የቀን መቁጠሪያችን ራሱ መልስ አለው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ አይገባም፤ ሃምሳ አምስት ቀን ይቆያል። ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ በገበያ የሚወደዱት ያንጊዜ ነው። ቆስጣ በቀጥታ ከተዘራ ከሃምሳ እስከ ስልሳ ቀን ባለው ጊዜ ቅጠሉ ይደርሳል፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት የዘራ ሰው በመጋቢት አጋማሽ ይቆርጣል፣ ከዚያም በኋላ የውጪውን ቅጠል እየቆረጠ እስከ ትንሣኤ ይዘልቃል። ጎመን በችግኝ መደብ አራት አምስት ሳምንት፣ ከተዛወረ በኋላም ያን ያህል ይፈልጋል። ቀይ ሽንኩርት ግን ቀኑ አልፏል፤ ችግኙ ብቻ ሃምሳ ቀን ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ተኩል ሲጨመርበት ለመድረቅ ፀሐይ በሚፈልግበት ጊዜ የሰኔ ዝናብ ይደርስበታል። ዘሩን ለሚቀጥለው መስከረም አስቀምጡት የሚላችሁ ሰው ቢኖር ግን አትስሙት፤ የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው። ቲማቲም እስከ የካቲት መጨረሻ መደቡ ላይ ከገባ ክረምቱ ከነበሽታው ሳይመጣ ፍሬው ይለቀማል። ቃሪያ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ቆላማ ማሳዎች እንደሚሆነው እዚህ አይሆንም፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ፤ በዚህ ልዩነት ብቻ የእኛ አየር ወደ አራት ዲግሪ ይቀንሳል። ቃሪያ የሚወድ ሰው ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ችግኙን ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር ያሳድገው፤ ትዕግሥትም ይኑረው።

ካሮት ለማብቀል እጅግ አስቸጋሪው ነው፤ እኔን ያዋረደኝም እርሱ ነው። ዘሩ ጥልቅ መቀበር አይወድም፣ ለመብቀልም ከአሥር እስከ ሃያ ቀን ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ቀናት አንድ ጊዜ እንኳ ላዩ ከደረቀ ቅርፊቱ ይጋገርና ቡቃያው ከሥር ይቀራል። ከዘራችሁ በኋላ የረጠበ ጆንያ አልብሱት፤ ጆንያውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ እንጂ አፈሩን አትንኩ። ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ በየማታው ጫፉን ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ፤ ክር የመሰለ አረንጓዴ ሲታይ ጆንያው በዚያው ማታ ይነሣ። አንድ ቀን ብታዘገዩ ቡቃያው ከጆንያው ክር ጋር ተጠላልፎ አብሮ ይነቀላል፤ ይህንንም ሳላደርገው አልቀረሁም።

ዘር ስትገዙ ፈትኑት። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የቆስጣ ዘር መደብ ሙሉ ተዘርቶ ሰባት ቡቃያ ሰጠኝ። ሃያ ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሉና ሞቅ ያለ ቦታ ላይ አኑሩ፤ በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ አምስቱ ካቆጠቆጡ ዝሩት፤ አሥር ብቻ ከሆኑ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ፤ ከዚያ ካነሰ ለዶሮ ነው።

ችግኝ ማዛወር ሁልጊዜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ሌሊቱ እንዲያሳርፈው። ከተተከለ በኋላ መደቡ ላይ የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ሁለት ሦስት ጣት ውፍረት አልብሱ፤ ከግንዱ ግን አንድ መዳፍ ይራቅ። ምስጥ ባለበት ሰፈር ጭዱን ምስጥ ይበላዋል፤ ቢሆንም ስሱ አድርጎ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ባዶ ከመተው ይሻላል። ውኃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በየሁለት ቀኑ አጥግቦ ማጠጣት ይመረጣል፤ ላይ ላዩን ብቻ የሚጠጣ ተክል ሥሩንም ላይ ላዩን ይሰዳል፣ አንድ ቀን የተረሳ ዕለትም ይጠወልጋል። ጎመኑን በደረቅ ወራት የሚወርረው ክሽክሽ ነው፤ ከቅጠሉ ጀርባ ተጣብቆ ሳይበዛ ከታየ ውኃ በኃይል እየረጩ ማጠብ፣ ካልሆነም ጥቂት ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ መርጨት ያሸንፈዋል። ችግኙ ጠዋት ከአንገቱ ተቆርጦ ከተገኘ ከሥሩ አፈሩን በጣት ጫር አድርጉ፤ ቆራጭ ትሉ እዚያው ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

በጓሮው ውስጥ የቆዩ ዛፎች ካሉ ከመደቡ ይልቅ እነርሱ ይቅደሙ ባይ ነኝ፤ መደብ በሁለት ወር ይተካል፣ የሃያ ዓመት ሎሚ አይተካም። በሎሚው ላይ የደረቀውን ቅርንጫፍና ከግንዱ ሥር ቀጥ ብሎ የሚወጣውን እሾሃም ቡቃያ ብቻ ቁረጡ፤ ደህናውን ቅርንጫፍ አሁን መመልመል ግንዱን ለፀሐይ ማጋለጥ ነው። ዙሪያውን እንደ ሳህን ቆፍራችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ሦስት ጀሪካን ስጡት። ጌሾ ድርቅ ይችላል፤ ቅጠሉ ግን በአንድ ጊዜ ተሸልቶ አይለቀም። በጣና ሐይቅ ዳር ያለውን ዘጌን ያያችሁ ሰዎች ይህን ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ልሳነ ምድር በገዳማቱ ሥርዓት በሬ አይጠመድም፣ ቡናውም፣ ጌሾውም፣ ሎሚውም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ቅጠሉ ረግፎ ባለበሰው አፈር ላይ ይኖራል። ዘጌ ደን ነው፣ የእኛ ግን ጓሮ ነውና ሁሉን አንገለብጥም፤ ያልታረሰና የለበሰ አፈር በበጋ ምን ያህል እርጥበት እንደሚይዝ ለማወቅ ግን እዚያ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ጣትን መስደድ ይበቃል።

በመጋቢትና በሚያዝያ አንዳንድ ቀን ሰማዩ ይጠቁርና ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ፣ ምናልባትም በረዶ፣ ይወርዳል። በጎጃም በልጉ የሚያስተማምን አይደለም። እንዲህ ዓይነት ዝናብ ጣለ ተብሎ ማጠጣት አይቋረጥ፤ በማግስቱ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ። ብዙ ጊዜ የረጠበው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ዱቄት ነው። አሥር ሚሊ ሜትር የጣለ እንደ ሆነ እንኳ በሒሳባችን የሁለት ቀን ውኃ ነው፤ ለሁለት ቀን እረፉና በሦስተኛው ጀሪካናችሁን አንሡ።

ግንቦት ሲያልቅ ሥራው ይገለበጣል። ጎድጎድ ያደረጋችሁት መደብ በክረምቱ ኩሬ ስለሚሆን፣ ዙሪያውን የከመራችሁትን አፈር ወደ ውስጥ መልሳችሁ መደቡን ከፍ አድርጉት፤ መንገዱን ቆፍራችሁ ቦይ አድርጉት። በመንገዱ ላይ የደቀቀውን ሙጃም ያንጊዜ ሰብስባችሁ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ጨምሩት፤ በብስባሹ ሙቀት ዘሩም አብሮ ይበሰብሳል።

እኔ በየዓመቱ አንድ መደብ እየጨመርሁ አሁን አምስት ላይ ደርሻለሁ። ከጉድጓዱ በስተጀርባ ያለውን እርጥብ ጥግ ግን ከዚያ ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ አልከፈትሁትም። እንግጫ ሞልቶታል። የሰፈራችን ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቀላ ሲወጡ መጀመሪያ የእኔን በር ያንኳኳሉ፤ ባለፈው ዓመት ያቺ ጎረቤቴ የሆኑት እናት የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው መጥተው ከአጥሩ ማዶ ጓሮውን ሲያዩት ቆዩና «ይሄን እንኳ አልገፈፍኸውም» ብለውኝ ገቡ።